የቀኙ ኪስ

ጥር 21

እማ፣

መልስ ሳልጽፍ ይህን ያህል በመቆየቴ እንደተቀየምሽ አውቃለሁ። ተቀየሚ፣ ያስቀይማል፤ ቅያሜሽን ግን ይህን ደብዳቤ አንብበሽ እስክትጨርሺ አቆዪልኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ? የትኬት መስኮትሽ ስንጥቅ ተደፈነ ወይስ አሁንም ነፋሱ ጆሮሽ ላይ ያፏጫል?

“ከሥራ አባረሩሽ እንዴ?” ላልሽው፣ አላባረሩኝም። ያ ቢጫ ካፖርት ግን ጉድ አፍልቷል። አምና “ለመጪው ብርድ ሴቶች ሁሉ የሰናፍጭ ቢጫ ነው የሚለብሱት” ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹ ጥቁራቸውን ለብሰው በሱቃችን በር አለፉ። ቢጫው ጨርቅ እስካሁን መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። የመጋዘኑ ዘበኛ ከጥቅሉ ቆርጦ ለማደሪያው መጋረጃ ሰፍቶበታል። ቢሮ ውስጥ ስሜ ተረስቶ “ቢጫዋ” ሆኛለሁ፤ ሻይ የምታዞረው ሴትዮ እንኳ “ቢጫዬ፣ ስኳር ልጨምር?” ትለኛለች።

“ልብስ ትሰፊያለሽ ወይስ ትጠነቁያለሽ?” ብለሽ መጠየቅሽን ለባልደረቦቼ ነግሬያቸው ሳቁ። ሴቶች በመጸውና በብርዱ ወራት ምን እንደሚለብሱ፣ ራሳቸው ሳያውቁት ቀድሞ ማወቅ ነው ሥራዬ። ካፌ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሴቶች ኮሌታ አጠናለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ጫማ ሳይ ውዬ ተራዬ ያልፈኛል። ያገኘሁትን ቁራጭ ጨርቅና ፎቶ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ በስፒል እሰካለሁ። መጋቢት 14 ቀን አንድ ካፖርት ይዤ ስብሰባ እገባለሁ። አለቃችንን መቀሷ ነው የምንላት፤ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስለምትቆርጠው። “ይህንንም ከሳትሽ መጋዘን ትወርጂና ከቢጫሽ ጋር ትቀመጫለሽ” ብላኛለች። ስትቀልድ አይቻት አላውቅም።

ስለዚህ ላስቸግርሽ ነው። እዚህ ያሉት ሴቶች የሚለብሱት መጽሔት ያሳያቸውን ነው፤ መጽሔቱን ደግሞ እኔም አንብቤዋለሁ። አንቺ መስኮት ላይ ግን ከየአገሩ የመጣ ሴት ቀኑን ሙሉ ይሰለፋል። እስቲ እያየሽ ጻፊልኝ፤ ርዝመቱን፣ ቀለሙን፣ በራሳቸው እጅ የጨመሩትንና የቀነሱትን። በስልክ አይሆንም። በስልክ ስትጮሂ መናኸሪያው በሙሉ ይሰማል፣ ቁራጭ ጨርቅም በስልክ አይላክም። ለሹፌሩ ለቀስበል ስጪው፤ ይዘገያል እንጂ አይጥልም።

መርማሪሽ


የካቲት 3

ለመርማሪዬ፣

ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ወገቤም ከነበረበት አልባሰም። የመስኮቷን ስንጥቅ ጎሚስታው ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ዳር ዳሯን ለጠፈላት፤ ነፋሱ አሁን የሚያፏጭበት አጥቶ ወደ ሻንጣ ክፍሉ ሄዷል። “ጎሚስታው ደግሞ ማነው?” እንዳትዪ። መናኸሪያው በር ላይ የአውቶቡስ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ ነው። አንቺ ስትሄጂ ገና አልመጣም ነበር።

የሰጠሽኝን ሥራ ሠርቻለሁ። ከመስኮቴ የሚታየኝ ከደረት በላይና እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ለጫማው ስል በሻይ ሰዓቴ በር ላይ ቆምኩ። ሁሉም ቦት ጫማ ነው፣ ተረከዙም ዝቅ ብሏል፤ ዕድሜ ለጭቃው። ጥቁር እየቀነሰ ነው ብል ማን ያምነኛል? ቡኒ በዝቷል። ሻይ ጠብ የተደረገበት ወተት የመሰለም አይቻለሁ። ቢጫ አላየሁም፣ ይቅር በይኝ።

ካፖርቱ እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። አውቶቡስ ሲሳፈሩ በአንድ እጃቸው ሰብስበውት ነው። አንዷማ ጠርዙን በስፒል ይዛው መጣች። “ቆርጠሽ አትገላገዪውም?” ብላት “እማማ፣ ማማሩ እኮ መርዘሙ ነው” አለችኝ። ወጣቶቹ የአባታቸው ይሁን የወንድማቸው እንጃ፣ ትከሻው ሁለት ሰው የሚችል ኮት ለብሰው፣ እጃቸውን ከእጅጌው ውስጥ ፈልገው እስኪያወጡት ሰልፉ ይቆምብኛል።

ሌላ ምን አለ? አዎ፣ ቀኝ ኪሷን ያሰፋች አንዲት ሴት አለች። ግራው እንደነበረ ነው። ቀኙን አስፈትታ፣ ጨርቅ አስጨምራ፣ ሁለት እጅ የሚይዝ አድርጋዋለች። ይጠቅምሽ እንደሆነ ብዬ ነው እንጂ ነገሩ ተራ ነው።

በባዶ ሆድሽ አትውጪ።

እናትሽ


የካቲት 10

እማ፣

ሰላምታውን በሚቀጥለው እከፍልሻለሁ፤ ዛሬ መጠየቅ ነው የምፈልገው። ያ “ተራ ነው” ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለምን ቀኙ ብቻ? ሴትየዋ ዕድሜዋ ስንት ነው? ራሷ ሰፋችው ወይስ አሰፋችው? የተጨመረው ገበር ምንድነው? ደግሞስ ምን ትከትበታለች፣ ስልክ ነው፣ ቁልፍ ነው፣ የልጅ ጡጦ ነው?

ለምን እንደጓጓሁ ልንገርሽ። የካፖርቱን ርዝመት ሁሉም ያውቀዋል። ቡኒውን የቀለም ክፍሉ ሰውዬ ቀድሞኝ ሰሌዳው ላይ ሰክቶታል። ሴት ልጅ ግን የገዛችውን ካፖርት ወስዳ ስታስፈታ፣ እኛ ቢሮ ተቀምጠን ያላየንላት ነገር አለ ማለት ነው። እሱን ነገር ነው ስፈልግ የኖርኩት። የቀረኝ ቁጥሩ ነው። እኛ ቢሮ አንዲት ሴት ብቻ ካደረገችው አመሏ ነው እንላለን፤ ሁለት ከሆኑ ተገጣጥመው ነው፤ ሦስት ሲሆኑ ፋሽን መጣ እንላለን። ስለዚህ እባክሽ፣ ስንት ናቸው?

ሌላም አለ። እሁድ ስደውል አላነሳሽም። ጎረቤትሽ “ከሰዓት ወጣ ብላለች” አለችኝ። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እሁድ ከሰዓት ወጣ የምትዪው?

መርማሪሽ


የካቲት 18

ለመርማሪዬ፣

እሁድ የወጣሁት እግሬን ላፍታታ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ቁርጭምጭሚቴ ያብጣል። እስከ ድልድዩ ሄጄ ተመለስኩ፤ ውሃው ሞልቷል።

ሴትየዋ የእኔ እኩያ ትሆናለች። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ ነው ያሠራችው። ገበሩ ፍላኔል ነው፣ ቁራጩን ልኬልሻለሁ፤ ከየት አመጣሽው እንዳትዪኝ። ምን ትከትበታለች ላልሽው፣ እኔ የሰው ኪስ ውስጥ አልገባሁም። ለምን ቀኙ እንደሆነም ባለቤቷ ታውቃለች።

ስንት ናቸው ላልሽው፣ ሦስት አይቻለሁ።

ደብዳቤው አጠረ፤ ሰልፍ በዝቶብኝ ነው።

እናትሽ


መጋቢት 2

እማዬ፣

ሦስት! ደብዳቤሽን ደረጃው ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ ጮኼ ኖሮ የበሩ ዘበኛ ወጥቶ አየኝ። ፍላኔልሽ አሁን የሰሌዳዬ መሃል ላይ ነው። በዙሪያው የነበረውን ቡኒ፣ ትከሻ፣ ረጅም ጠርዝ፣ ሁሉንም አንስቼዋለሁ። ስብሰባ የምገባው በኪሱ ብቻ ነው።

ይህን ሰሞን ሥራዬ የሰው ኪስ ማየት ሆኗል። አንድ የሱቅ ጠባቂ ሌባ መስዬው ሁለት መንገድ ተከተለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚህ አንድም አላገኘሁም። የቀለሙ ሰውዬ ይህን ሲሰማ “ቢጫዋ ደግሞ ኪስ ጀመረች” ብሎ ቢሮውን አሳቀብኝ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ነገር የሚጀምረው ማንም በማያይበት ቦታ ነው፤ መናኸሪያ ደግሞ ማንም አያይም፣ ሁሉም ለመሄድ ስለሚቸኩል።

ምክንያቱን ግን ፈልጌ አጣሁት። መጀመሪያ ቦርሳ መያዝ ሰልችቷቸው ነው አልኩ። ያማ ቢሆን ሁለቱንም ኪስ ያሰፉ ነበር። ቀጥሎ ስልክ ነው አልኩ፤ ለስልክ ፍላኔል ምን ያደርጋል? ፍላኔል የሚሞቅ ነገር ነው። እዚያ ላይ እደርስና እቆማለሁ። ትናንት መቀሷ በሰሌዳዬ በኩል ስታልፍ ቆመች። ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋው ሄደች። ያቺ ሴት ለማንም ሰሌዳ ቆማ አታውቅም።

አንቺስ ደህና ነሽ? ደብዳቤሽ አጭር ሆነብኝ። አንቺ የምታሳጥሪው አንድ ነገር ስትደብቂ ነው፤ አባዬ የታመመ ጊዜም እንዲህ ባለ አጭር ደብዳቤ ነበር የምትጽፊልኝ። ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ።

መርማሪሽ


መጋቢት 13

ልጄ፣

አልታመምኩም። መጀመሪያ ይህን እወቂልኝ።

ዋሽቼሻለሁ። ሦስት የሚባሉ ሴቶች የሉም። አንዲት ናት፣ እሷም እኔ ነኝ።

ነገ ጠዋት ስብሰባሽ ነው። ለመደወል ስልኩን አንስቼ አስቀምጬ፣ አንስቼ አስቀምጬ ተውኩት፤ መናኸሪያው በሙሉ እየሰማ ይህን ልጩህ? ቀስበል ዛሬ ከሰዓት ይነሳል። ለዛሬ ብቻ ቀስ እንዳይል ለምኜዋለሁ።

ጎሚስታው ነው። ጎማ ሲለጥፍ ቀዳዳውን የሚያገኘው ላስቲኩን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋ የሚወጣበትን እያየ ነው። በዚህ ብርድ እጁ ከገንዳው አይወጣም። ጓንት ገዛሁለት፤ ጣቶቹ አብጠው አልገባ አሉት። ሥራ ስንጨርስ በመናኸሪያው ግንብ ጥግ አብረን እንሄዳለን፤ ግንቡ በግራዬ፣ እሱ በቀኜ። አንድ ቀን ያንን እጁን ሳየው አንጀቴን በላኝና “ወዲህ አምጣው” ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ኪሱ ተተረተረ። ልብስ ሰፊዋ “ምን ልትከቺበት ነው እንዲህ የሚሰፋው?” ስትለኝ “ድንች” አልኳት።

ልነግርሽ ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ አንቺ ስትመጪ ቤቱ እንደነበረ እንዲጠብቅሽ ነበር የምፈልገው። ስለዚህ ትንሽ ትንሹን፣ በሌላ ሴት ስም አድርጌ ጻፍኩልሽ። አንቺ ደግሞ ስለዚያች ሴት ስትጠይቂ፣ ዕድሜዋን፣ ገበሯን፣ ለምን ቀኙ እንደሆነ፣ ደስ አለኝ። ስለ እኔ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ሦስት ካልሆኑ ነገሩ አመል ነው ስትዪ፣ አመል እንዳይባል ብዬ ሦስት አልኩ። እንጀራሽ ላይ የሚመጣውን አላሰብኩም።

እባክሽ ኪሱን ይዘሽ እንዳትገቢ። ቡኒውንና ረጅሙን ውሰጂ፤ እነሱ እውነት ናቸው።

እናትሽ


መጋቢት 22

ልጄ፣

መልስሽ ቀረ። ቀስበል “በእጇ ሰጥቻታለሁ” ብሎ ምሎልኛል። ስብሰባው ምን እንደሆነ አልጠይቅሽም፤ ያበላሸ ሰው ስንት ተበላሸ ብሎ አይጠይቅም። ስለ ሌላውም ቢሆን እንደፈለግሽ ተናገሪኝ፣ ዝም ከምትዪኝ።

ሰውየውን ለጊዜው በየራሳችን እንሂድ ብዬዋለሁ። “በልጅሽ ምክንያት ነው?” አለኝ። “አዎ” አልኩት።

ካፖርቱን ነገ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እወስደዋለሁ። ኪሱን እንደነበረ ታጥብበው።

እናትሽ


መጋቢት 25

እማዬ፣

ኪሱን አታስጠብቢው። አስጠብበሽው ከሆነ መልሰሽ አስፈቺው።

ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ተናድጄ ነበር። መጀመሪያ በሦስቱ ሴቶች ተናደድኩ። ከዚያ ለአባዬ ብዬ ተናደድኩ፤ እሱ ቢያይ ምን ይል ነበር ብዬ። ግን አንቺ ያንን ግንብ ይዘሽ ብቻሽን ስትሄጂ ማየት ይሻለው ነበር ብዬ ራሴን ላሳምን ብሞክር፣ አቃተኝ። በመጨረሻ የተናደድኩት በራሴ ነው። ስለ አንድ ኪስ ይህን ሁሉ ጠየቅኩሽ፤ አንቺን ግን ከወገብሽ ሌላ ጠይቄሽ አላውቅም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ስብሰባው ሊጀመር ሲል ነው። ቀስበል ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮት ነበር፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ቡኒውን ውሰጂ ያልሽኝን ልሰማሽ ብል እንኳ፣ ሰሌዳዬ ላይ ካንቺ ፍላኔል በስተቀር ምንም አልነበረም። ገባሁ።

መቀሷ “ስንት ሴቶች?” አለችኝ።

“አንዲት” አልኳት።

“ማን ናት?”

“እናቴ።”

ምን ያህል እንደሳቁ አልነግርሽም። የቀለሙ ሰውዬ ብርጭቆውን ደፋ። እኔም ከእንግዲህ የምሳሳለት ነገር ስላልነበረኝ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ገንዳውን፣ ጓንቱን፣ ግንቡን፣ ለምን ቀኙ እንደሆነ። ድንቹ ላይ እንደገና ሳቁ፤ ያኛው ሳቅ ግን ሌላ ነበር። መቀሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልቆረጠችኝም። ስጨርስ ተነስታ ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች፣ ለበሰችው፣ የቀለሙን ሰውዬ “እጅህን አምጣ” አለችው። ሰውዬው ላብ አጠመቀው። የሱን እጅ ከራሷ እጅ ጋር ኪሷ ውስጥ ልታስገባ ታገለች። “አይገባም” አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለራሷ። እንደቆመች ቀረች፤ እኛም ወዴት እንደምናይ ጠፋን።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ግራጫ ካፖርት፣ ጥቂት ብቻ፣ ቀኝ ኪሱ ሰፊ። ለገበሩ አዲስ ጨርቅ አይገዛም፤ መጋዘን ያለው ቢጫዬ ይገባበታል። በብርዱ ወራት ከሱቅ ካልወጣ ወደ መጋዘን አብሬው እወርዳለሁ። ይህንን ስትናገር ደግሞ ቆረጥ አደረገችው፣ እንደ ድሮዋ።

የመጀመሪያው ካፖርት ያንቺ ነው፣ እኔው ራሴ እሰፋዋለሁ። ያንቺን ልክ አውቀዋለሁ። የሱን እጅ ግን አላውቀውም። ወረቀት ላይ አስቀምጦልሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ላኪልኝ፣ ከነእብጠቱ። ሥራዬ መገመት ነው፤ ይህንን ግን በግምት አልሰፋም።

ሰላም በይልኝ። ምን ብዬ እንደምጠራው ገና አላወቅኩም፤ ስመጣ እሱኑ እጠይቀዋለሁ።

ልጅሽ


ኅዳር 19

ለመርማሪዬ፣

“ካፖርቱ እዚያስ ታየ ወይ?” ብለሽ ከጠየቅሽኝ ቆየሽ። ያልመለስኩልሽ ተቀይሜ አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ።

ቢጫው አልቆ የዘበኛው መጋረጃ ሳይቀር ተፈትቶ ወደ ኪስ ገባ ስትዪኝ፣ መስኮቴን ዘግቼ ነው የሳቅኩት። ሰልፉ ምን ነካት አለ። መጋዘን አለመውረድሽንማ ለቀስበል ነገርኩት፤ እሱም በየፌርማታው እያቆመ ለተሳፋሪው ሁሉ ነግሮ ከወትሮው ይበልጥ ዘገየ። መቀሷ ለራሷ አንድ መውሰዷን ስትጽፊልኝ ግን አልሳቅኩም። እሷም ሰው ናት።

የእኔው ካፖርት ልክክ ብሏል። ጎሚስታው እጁን መጀመሪያ ሲከተው ቢጫውን አየና “መብራት አስገባችበት እንዴ?” አለ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራሽ በሥራሽ ነው፤ “ያቺ ቀድማ የምታውቅ ልጅሽ” ይለኛል። ምን ብለሽ እንደምትጠሪው እሱም ጨንቆታል። ስትመጪ ተስማሙ፣ እኔን አታስገቡኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የመጀመሪያዋን ያየኋት የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ሂሳቡን በግራ እጇ ከፍላ ትኬቱን በግራ እጇ ተቀበለች፤ ቀኟ ከኪሷ አልወጣም፣ ትንሽ ልጅ በኪሷ በኩል ተለጥፏል። ያን ቀን ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁና መልሼ ከተትኩት፤ አንዲት ከሆነች አመል ነው ብለሽኛል። ሁለተኛዋ አሮጊት ናት፣ ከእህቷ ጋር፤ እጃቸው አንድ ኪስ ውስጥ ሆኖ “ይሁን”፣ “አይሁን” እየተባባሉ ይጨቃጨቁ ነበር። አሁንም ጠበቅኩ፤ ተገጣጥሞ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ብቻዋን የሆነች ወጣት መጣች። ግራጫው ካፖርት ነው፣ ቢጫው ከኪሱ አፍ ብቅ ብሏል። “ለስንት ሰው?” አልኳት። “ለሁለት” አለችኝና ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ሰውየው እስኪመጣ ቆጠራውን አቁሜ አብሬያት ጠበቅኩ። መጣ።

ስለዚህ ልጄ፣ ሦስት አይቻለሁ። ራሴን አልቆጠርኩም።

እናትሽ